አንድም ከብት እንዳይቀር

ሰኔ 24

የኬላው ሽንት ቤት ቁልፍ ጠፋ።

ሰኔ 25

ቁልፉን ፈለግሁ። መሳቢያው ውስጥ የለም። የመድኃኒት ካርቶኑ ሥር የለም። በሩን መስበር አይቻልም፤ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ለመስበር ኮሚቴ ያስፈልጋል። ለወረዳው ማመልከቻ ጻፍሁ። እስከዚያው ከኬላው ጀርባ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አልፎ እስከ ሐይቁ የሚደርስ ደንገል አለ። ሰው አያይም። ከብት ብቻ ነው የሚገባበት።

ሰኔ 28

ይህን የምጽፈው በከብት ሕክምና መዝገቡ የኋላ ገጾች ላይ ነው። የፊቱ ለመንግሥት፣ የኋላው ለእኔ። ያነበዋል ብዬ የምሰጋው ሰው የለም፤ የፊቱንም አንብቦት የሚያውቅ የለም።

እዚህ የእንስሳት ጤና ኬላ ከገባሁ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ያኔ ይህ መንደር፣ ዘንዘልማ፣ ጤፍ ነበር። አሁን ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ባጃጅ ሆኗል። የቀነሰው ግን ግጦሹ እንጂ ከብቱ አይደለም። መቶ አርባ ሁለት ከብት በአንዲት የሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍቶ ይውላል። አንዱ የያዘውን ሁሉም ይይዘዋል። መዥገሩም፣ የጉበት ትሉም፣ አፍንጫ ውስጥ የሚገባው አልቅትም የጋራ ነው። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም። የመጀመሪያውን ዓመት ሳርም ቆየሁ፤ ከዚያ ደከመኝ።

ባለቤቴ ፀደንያ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ትሠራለች። እኔ የከብቱን ትል፣ እሷ የሰውን ትል። ራት ላይ ሌላ ወሬ የለንም።

ራት ሁለት ጊዜ በላሁ። ጾሙ ነው፤ ሽሮ ሆድ አይዝም። ባለፈው ሳምንት ወገቡን እንዲያጠብልኝ የሰጠሁትን ሱሪ ልብስ ሰፊው አላደረሰልኝም። ጨርቁ የሚሰፋ ዓይነት ነው። ከጥር ወዲህ ሦስቱም ሱሪዎቼ ሰፍተዋል። ዘንድሮ የሚገባው ጨርቅ ጥሩ አይደለም።

ሐምሌ 3

ስብሰባ ከዋርካው ሥር። የግጦሽ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዓምደ ሚካኤል የላሙን ጡት በስልኩ አንሥቶ ለሁሉም አሳየ። ጡት አይባልም፤ መዥገር ላይ የበቀለ ጡት ነው።

«ዶክተር፣ ይህ መዥገር ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከሣሩ።»

«ሣሩ ላይስ ማን አመጣው?»

«ከብቱ።»

«ከብቱ ላይስ?»

ቁርስ በልቼ ስላልጠገብሁ መልሱ ዘገየብኝ። ለራሱ ጥያቄ ራሱ መለሰ፤ «ድኩላው!» አለ።

ድኩላው የቤተ ክርስቲያኑ ጫካ ነዋሪ ነው። አንድ ቀንዱ ተሰብሯል። ቅዳሴ ሲጀመር ከምዕራቡ በር ፊት ለፊት ይቆማል፤ ቅዳሴው ሲጋመስ፣ ያልተጠመቁት ይውጡ በሚባልበት ሰዓት፣ ዘወር ብሎ ይሄዳል። ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ስሙ ንዑሰ ክርስቲያን ነው። ቀትር ላይ በአጥሩ ሽንቁር ወጥቶ ከከብቱ ጋር ይግጣል።

አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ «ይዘን ማዶ ጫካ እንለቀዋለን» አለ። ማዶ ጫካ የለም። አምና «ማዶ የተለቀቀችው» ሚዳቋ ቆዳዋ እሱ ሳሎን ወንበር ላይ ነው። እኔም ተቀምጬበታለሁ።

የኔታ ጥዑመ ልሳን በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

«እስከ መስቀል ጊዜ ስጡት» አሉ። «መርስዔ ኀዘን ከብቱንም እሱንም ያክም። በመስቀል መርስዔ ቆሞ ጥፋቱ የድኩላው ነው ካለ፣ በሩን እኔ ራሴ እከፍትላችኋለሁ። አይደለም ካለ ግን ማንም እጁን አያነሣበት።»

«የዶክተርን ቃል እንቀበላለን» አለ ሕዝቡ።

ፈረምሁ። አንድ ሰው ስለ ድኩላ ዋስ ሆኖ ሲፈርም በወረዳው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ሐምሌ 6

ጾሙ ትናንት ተፈታ። ባጃጅ ይዤ ፋሲሎ ሥጋ ቤት ሄድሁ። ጥሬ፣ አንድ ኪሎ፣ በአዋዜ። ልጁ ሁለት ቢላ አመጣና «ሌላ ሰው ይመጣል?» አለኝ። «መንገድ ላይ ነው» አልሁት።

ብቻዬን ነበርሁ።

ሐምሌ 9

የዘመቻው መመሪያ በኮሚቴው ቴሌግራም ተለቀቀ። እኔ ነኝ የጻፍሁት። «በአንድ ቀን፣ ሁሉም፣ አንድም ከብት እንዳይቀር!» ነገሩ ከባድ አይደለም። መቶ አርባ አንዱ ታክሞ አንዱ ከቀረ፣ ያ አንዱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሜዳውን መልሶ ይሞላዋል። ሰው ግን ይህን አይገባውም። የሱ ላም ሁልጊዜ ከመዥገር የተለየች ናት።

ግድግዳዬ ላይ በግንቦት ለሕዝቡ ስለ ኮሶ ያስተማርሁበት ትልቅ ሥዕል አለ። ክብ ነው። ከሰው ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በሬ፣ ከበሬ ወደ ሰው። ሠዓሊው ሰውየውን ቁጥቋጦ ሥር ቁጢጥ አድርጎታል። ዘይነት ዛሬ ጨው ልታደርስ መጥታ አየችውና «ዶክተር፣ ጢሙ ያንተን ቁርጥ!» ብላ ሳቀች። ዘይነት ወተት ትሸጣለች፤ ባጃጅ ማቆሚያው አጠገብ ጨው፣ ባልዲና ገመድ የምትሸጥበት ሱቅም አላት። ምላሷን ግን በነጻ ነው የምትሰጠው።

ሥዕሉን ወደ ጓዳው አዛወርሁት። እርጥበት ይነካዋል።

ሐምሌ 11

የቁልፉ ማመልከቻ መልስ የለውም። ሁለተኛ ጻፍሁ። ዝናብ። ደንገሉ ውስጥ ጃንጥላ መያዝ እንዴት እንደሚያስቸግር ወረዳው አያውቅም።

ሐምሌ 17

ዘመቻ፣ አንደኛ ዙር። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ። የትሉን መድኃኒት በአፍ፣ የመዥገሩን በጀርባ መርጫ። አንድ ወይፈን እግሬን ረገጠኝ፤ አንዲት ጊደር መድኃኒቱን ፊቴ ላይ መለሰችው። ስለዚህ ምናልባት እኔም የጉበት ትል አይዘኝም።

ዘይነት አምስት ላም አላት። አራት አመጣች።

«ሻሼስ?»

«ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች።»

«ላም?»

«የላም ዘመድ የለውም ያለህ ማነው?»

ቤቷ ሄድሁ። ሳሎኑ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። መጋረጃው ይንቀሳቀሳል።

«ማነው እዚያ?»

«እናቴ ናቸው። አሟቸው ተኝተዋል።»

«አላህ ይማራቸው» አልሁ። እናቷ እምቧ አሉ።

መጋረጃውን ገለጥሁት። ሻሼ አልጋው ላይ አንሶላ እያኘከች ነው። ዘይነት አላፈረችም። ነገሩን በግልጽ ነገረችኝ። መድኃኒት የወሰደች ላም ወተቷ ለቀናት አይሸጥም፤ ሻሼ ደግሞ የአምስቱን ግማሽ የምትሰጥ ናት፤ ወተት ያጣ ደንበኛ ሌላ ጋ ይሄዳል፤ ከሄደ አይመለስም።

እኔ ግን ተቆጣሁ። እንዲህ አልኋት፦ «ተሸካሚ ማለት ይህ ነው ዘይነት! ደህና መስሎ ይቆማል። ይበላል፣ ይጠጣል። በጎን ግን ሜዳውን ሁሉ ይበክላል። ያውም እያወቁ መደበቅ! ካንቺ አይጠበቅም። ነውር ነው።»

«እሺ፣ እሺ፣ በእናቴ ፊት አትጩህብኝ» አለች። ከዚያ አየችኝና፣ «ዳቦ ልቁረስልህ? እኔን እየተቆጣህ ዓይንህ ዳቦው ላይ ነው» አለች።

ሦስት ቁራሽ በላሁ። ሻሼን አከምሁ። መቶ አርባ ሁለት።

ነሐሴ 2

ቀሪው ድኩላው ነው። እንዴት ይያዛል? የኔታ በገመድ እንዲያዝ አይፈቅዱም። ስለዚህ ይህን አሰብሁ፦ ጆንያ በመድኃኒት ነክሬ በአጥሩ ሽንቁር ላይ አንጠለጠልሁ። ድኩላው በዚያ ጎንበስ ብሎ ሲያልፍ ጀርባውን ይጠርገዋል። ማንም ሳይነካው ይታከማል። ከዋርካው ሥር ተደብቄ ጠበቅሁ። ቀትር ላይ መጣ። ጆንያውን አሸተተ፣ እኔ ያለሁበትን አየ፣ አለፈ። ጀርባው ረጠበ።

ከሥራዬ ሁሉ እንደዚህ የኮራሁበት የለም።

ነሐሴ 3

በዚያ ሽንቁር የሚያልፈው ድኩላው ብቻ አይደለም። የኔታም ሌሊት ለኪዳን ሲመጡ ጭቃውን ሽሽት በዚያ ነው የሚያቋርጡት። ጆንያው ጥምጥማቸውን አጠበው።

ሮጬ ሄጄ ራሳቸውን በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኋቸው።

«የኔታ፣ ያዞርዎታል?»

«ያዞረኝ አንተን ሀሁ ሳስቆጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ አዙሮኝ አያውቅም።»

እግዜር ይስጥልኝ አልሁና በሆዴ ምን ምን መድኃኒት እንደቀላቀልሁ ደግሜ አሰላሁ። ለፀደንያ ደወልሁ። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ምንም አልሆኑም። ሽንቁሩ ላይ «ለድኩላ ብቻ» የሚል ሰሌዳ አቆምሁ።

ነሐሴ 7

የኔታ አስጠሩኝ። ልባቸው ታሞ መሰለኝ፤ እየሮጥሁ ሄድሁ።

«መርስዔ፣ ቁንጫው ጠፋ።»

«የትኛው ቁንጫ?»

«አርባ ዓመት አብሮኝ የኖረው። ጆንያውን መቼ ነው የምታድሰው?»

እንደማይሆን ነገርኋቸው። ቅር አላቸው።

ነሐሴ 11

ፍልሰታ ነው። ጧት ስምንት ዳቦ። ሽንብራ። ከሰዓት የፀደንያን ምሳ። ማታ የራሴን።

ፀደንያ ቀበቶዬን አንሥታ ቀዳዳዎቹን ቆጠረች። አዳዲሶቹን በምስማር የበሳሁት እኔ ነኝ። ልትተኛ ስትል «ሆድህን ሲያሳክክህ፣ ሲነፋህ፣ ምናምን…» ብላ ጀመረች።

«ጭንቀት ነው» አልኋት። «መስቀል ደረሰ። የድኩላው ነገር አለ።»

«ጭንቀት ያከሳል እንጂ አንድ መሶብ አያስበላም።»

«እንደ ሰው ነው።»

ነሐሴ 13

ቁርስ ጠረጴዛ ላይ፣ ከስኳሩ አጠገብ፣ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ። የጤና ጣቢያው ወረቀት ተለጥፎባታል። «መርስዔ ኀዘን፣ 52፣ ወ።»

ፀደንያ ወጥታለች።

እኔ ይህን ለመቶ አርባ ሁለት ከብት አድርጌያለሁ። ከብት ግን ስሙ አይጻፍበትም። እስቲ ባለሙያ ሆኖ በባለሙያ ፊት… አይ። ሥራ አለብኝ።

ነሐሴ 14

ዕቃዋን ሞልቼ ላክሁላት። ኬላው በር ላይ ሻሼ ቆማ ነበር። እንዲያው አጋጣሚ ነው።

ነሐሴ 15

ፀደንያ የላቦራቶሪ ውጤቱን ራት ላይ አነበበችልኝ። መነጽሯን አድርጋ፣ እንደ ደብዳቤ።

«የጉበት ትል እንቁላል፣ ጥቂት። እየቀነሰ ነው፤ ሐምሌ ላይ የታከምህ ትመስላለህ። ያልተፈጨ ሣር፣ ብዙ።» ወረቀቱን አጠፈችው። «መርስዔ፣ ትመነዥካለህ?»

ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና ሊምታታ እንደሚችል ነገርኋት። የታወቀ ነገር ነው። ከዚያ ራቴን አቀረበች። በሣህኑ ላይ አንድ እፍኝ ጭድ ነበር። እሷ አልሳቀችም። ሽሮው በሁለተኛው ሣህን ከኋላ መጣ።

ስንጨርስ ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦ «እኮ አንድ ቀን ነው። አንድ ጊዜ ክኒን መዋጥ። ያገሩ ሰው ሁሉ ሲውጠው የኖረ ነገር ነው። ምኑ ነው የሚያሳፍርህ?»

አልገባትም። ያገሩ ሰው ግንቦት ላይ ከዋርካው ሥር ቆሞ፣ በበትር ሥዕል እየጠቆመ፣ «እባካችሁ ጨዋ ሁኑ፣ ሜዳ ላይ አትቀመጡ፣ ጥሬ አትብሉ» አላለም። አቶ ዓምደ ሚካኤል የዚያን ቀን አጨብጭቦልኛል።

እኔ ደግሞ ምንም የለብኝም።

ነሐሴ 28

ሁለተኛ ዙር። ሻሼ ሳትጠራ መጣች። ዘይነት ተራ ታስጠብቃለች፣ ትጮኻለች፣ የቀሩትን ቤት ለቤት ታወጣለች። «አንድም ከብት እንዳይቀር!» እያለች በኔ ድምፅ። ከሷ የባሰ ፖሊስ የለም።

የቁልፉ ማመልከቻ፣ ሦስተኛ።

ጳጉሜ 4

ቆጠርሁ። በሰኔ በአንድ ላም ጆሮ ላይ ሠላሳ፣ አርባ መዥገር ነበር። ዛሬ ከሃያ ላም ላይ አራት አገኘሁ። የጉበት ትሉም ወርዷል። የድኩላውን ጀርባ በመነጽር አየሁት፤ ያንጸባርቃል። በዚህ መንደር ከሱ የጸዳ ፍጡር የለም። ከየኔታ በቀር።

መስከረም 1

መልካም አዲስ ዓመት ለራሴ። ዶሮውን እንዳለ በላሁት። ፀደንያ ክንፉን ብቻ ነው ያገኘችው።

መስከረም 12

የኮሚቴው ቴሌግራም። አቶ ዓምደ ሚካኤል፦ «መዥገሩ መጥፋቱ ደስ ይላል፤ ሆኖም ስለ ድኩላው በመስቀል እንነጋገራለን።» ምን እንነጋገራለን? ነጻ ነው። ቃሌን ልናገር ነው፤ ያበቃል። ንግግሬን ተለማመድሁ። «ወገኖቼ፣ በመረጃ ላይ የተመሠረተ…» የሚለውን አወጣሁት።

መስከረም 17

ንግግሬን አላደረግሁም።

ነገሩን በሥርዓቱ ልጻፍ። ስምንት ሆነን ለመስቀል በሬ ቅርጫ ገብተናል። ቀይ በሬ፣ በመዝገቡ ተራ ቁጥር 61፣ ክረምቱን እዚሁ የጋጠ። እንደ ልማዳችን እኔ ሥጋውን አያለሁ፤ በዚህም የመጀመሪያው ቁራሽ የኔ ነው። ሰዉ ሣህን ይዞ ከብቦኛል። አዋዜው ወጥቷል። የኔታ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

ምላሱን ቀደድሁ። አገጩን ቀደድሁ። ልቡን።

እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ ነጭ ነገር። አንድ። ቢላዬን ጠረግሁ። ሁለተኛ። ሦስተኛ።

«ዶክተር፣ ምን ታደርጋለህ? አዋዜው ደረቀ እኮ!»

«ጥሬ አይበላም» አልሁ። «የኮሶ ፍሬ አለበት። በደንብ ይቀቀል።»

ሰዉ ሁሉ ሣህኑን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። ከዚያ አቶ ዓምደ ሚካኤል ሣህኑን መሬት አስቀመጠ።

«መዥገሩን አጠፋህ። የሆድ ትሉን አጠፋህ። ከብቱ ሁሉ ታክሟል፤ አይደለም?»

«ታክሟል።»

«እንግዲያ ይህ በሬ ከማን ወሰደው? ክረምቱን ሙሉ ደንገሉ ዳር ከማን ጋር ነው ሲግጥ የነበረው?» ወደ ጫካው ጠቆመ። «እሱ መድኃኒት በአፉ አልወሰደም። በጆንያ ጀርባውን ነው የታሸው። ሆዱን ማን አየው?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። የኔታም።

በሬ ኮሶን ከድኩላ አይወስድም። ከሰው ብቻ ነው የሚወስደው። ይህን አውቃለሁ፤ ግድግዳዬ ላይ ነበር። «ከሰው ነው» ቢባል ግን ቀጥሎ «ከማን?» ይባላል። በዚያ ደንገል ማን ማን እንደሚመላለስ ማጣራት ደግሞ ጊዜ የሚፈልግ ጉዳይ ነው። በችኮላ አይሆንም።

«ጥናት ያስፈልገዋል» አልሁ።

«ማክሰኞ» አለ አቶ ዓምደ ሚካኤል። «ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ወይ አዎ በል ወይ አይደለም በል። ዝም ካልህ አዎ ነው።»

ድርሻዬን ቀቅዬ በላሁ። ሁሉንም።

መስከረም 18

ልብስ ሰፊው በመጨረሻ ሱሪዬን አደረሰው። ፀደንያ ኪሱን ስትፈትሽ ቁልፍ አገኘች። ጠረጴዛው ላይ ስኳሩ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ይህን ሱሪ መቼ ነበር የሰጠኸው?»

«ሰኔ።»

«ለምን?»

«ወገቡ ሰፍቶ።»

«ለምን ሰፋ?»

«ጨርቁ…»

«መርስዔ።»

«አቤት።»

«ቁልፉ እስካሁን ኪስህ ውስጥ ከሆነ፣ ሦስት ወር ሙሉ የት ነበር ስትሄድ የነበረው?»

ሬድዮ ከፈትሁ።

መስከረም 19

ዛሬ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ሰው የለም። የኔታ ከግቢው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይደግማሉ። ድኩላው አሥር እርምጃ ላይ ሣር ይነጫል። አልሸሸኝም። የሚያውቀኝ ጆንያ የሚያንጠለጥል ሰው አድርጎ ነው።

«የኔታ፣ አንድ ሰው የሚያውቀውን ነገር ባይናገር…»

«ማነው እሱ?»

«እንዲያው አንድ ሰው።»

ዳዊታቸውን ዘጉ። «አንተ ልጅ ሆነህ የሰሌኔን ዳር ቀደህ ነበር። ታስታውሳለህ?»

«ፍየሏ ናት የበላችው።»

«ያኔም ፍየሏ ናት አልህ። ፍየሏን ገረፍኋት። አሁንም ፍየሏ ናት?» ዳዊታቸውን መልሰው ከፈቱ። «በል ሂድ። ነገ አልለምንህም። በሩን እከፍታለሁ ብያለሁ፤ እከፍታለሁ።»

በእውነት ፍየሏ አልነበረችም።

ክረምቱን ሙሉ መቶ አርባ ሁለት ከብት አሳደድሁ። አንድ ሴት ላሟን መጋረጃ ውስጥ ብትደብቅ ነውር ነው አልሁ። የምጽፈው ለራሴ ስለሆነ እዚህ እንኳ እውነቱን ብጽፍ ምን ነበረበት? ከሰኔ 24 ጀምሮ ገልጬ አነበብሁ። አንድም ቦታ የለም። ሌላ ሰው ቢያነበው ግን በሁለተኛው ገጽ ይገባዋል።

ፀደንያ ያስቀመጠቻቸው ቁልፉና አንዲት ክኒን ከስኳሩ አጠገብ ናቸው። ቁልፉን ወሰድሁ።

መስከረም 20

ስምንት ሰዓት ተኩል። ዘይነት ሱቅ በር ላይ፣ የጨው ከረጢት ላይ ተቀምጬ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ደውሎ፣ «ዶክተር፣ ስትመጣ ጠንካራ ገመድ ይዘህ ና። ለእንስሳ የሚሆነውን የምታውቀው አንተ ነህ» አለኝ። ከኋላው ቢላ ሲሳል ይሰማል። እሺ አልሁት። እሺ ማለት ለመድሁ።

ዘይነት ገመዱን በክንዷ እየለካች ነው።

«ስንት ክንድ?»

«ሠላሳ።»

«ለማን ነው?»

«ለድኩላው።»

መለካቷን አላቆመችም። «አምስት፣ ስድስት… ምን አደረገ?»

«ለበሬው ኮሶ ሰጠው ተባለ።»

«ሰባት… ድኩላ ጥሬ ሥጋ ይበላል እንዴ?»

ባጃጅ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር።

«ስምንት፣ ዘጠኝ። እኔስ ሻሼን ስደብቅ ለወተቴ ብዬ ነው» አለች፣ ለገመዱ እንደምታወራ። «ዐሥር። ያኔ ስትጮህብኝ ግን እውነትህን ነበር። እናቴ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ እሳቸውም ከአልጋው ይነሡ ነበር። ዐሥራ አንድ። ማታ መስዑድን፣ ይኼ ሰውዬ ለከብት እንዲህ ከተቆጣ ለሰውማ ምን ሊሆን ነው፣ አልሁት።»

መስዑድ ባሏ ነው። ምን ብሎ እንደመለሰላት አልጠየቅኋትም።

መዝገቡ ጭኔ ላይ ነው። ገለበጥሁት። የፊቱ። የመጨረሻው መስመር ተራ ቁጥር 142፣ ሻሼ። ከሥሩ ባዶ ነበር። ጻፍሁ፦

143። ሰው። ወንድ። 52 ዓመት። ባለቤት፦ ፀደንያ። የተገኘበት ተውሳክ፦ ኮሶ። ከመቼ ጀምሮ፦ ከጥር። የሚመላለስበት ቦታ፦ ደንገሉ። የተሰጠ መድኃኒት፦ ዛሬ ማታ። ምርመራ ያደረገው፦ መርስዔ ኀዘን። ፊርማ።

ማኅተሙ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። መታሁበት።

ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ይህን ለኮሚቴው ጮክ ብዬ ማንበብ ነው የሚቀረኝ። አቶ ዓምደ ሚካኤል እስከ ዓመት ይስቃል። ይሳቅ። ቁንጫ ያልነካቸው የኔታ አሉ፣ መዥገር ያልነካው ድኩላ አለ፤ እነሱ አይስቁም።

ዘይነት ሃያ ሦስተኛው ክንድ ላይ ቆማለች። ቢላዋውን ገመዱ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

«ዶክተር፣ ልቁረጠው? አቤት? ወዴት ነው? ገመዱስ?»

ልወጣ ነው።